ጄራኒየምን መቁረጥ አትፍሩ

ሱሉልታ ላይ አበባ የሚተክል ሰው ሁሉ የሚያማርረው በብርዱ ነው። «እዚህ አገር ምን ይበቅላል፣ ውርጩ ይጨርሰዋል» ይላሉ። ውርጩ እውነት ነው፤ ኋላ እመጣበታለሁ። ግን በሰፈራችን የሞቱትን ጄራኒየሞች ጠጋ ብዬ ሳይ፣ አብዛኞቹን የጨረሳቸው የባለቤቶቻቸው ርኅራኄ ነው። ጠዋት ውሃ፣ ማታ ውሃ። ቅርንጫፉ ሲረዝም «ያሳዝናል» ተብሎ ሳይነካ ይተዋል። ሁለት ሦስት ዓመት ሲቆይ ከታች ራቁቱን የቀረ፣ ጫፉ ላይ ጥቂት ቅጠልና አንዲት አበባ ብቻ የያዘ እንጨት ይሆናል። ከዚያ ይጣላል። ለእንቁጣጣሽ ሌላ ይገዛል።

ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ምክንያቱም ያ እንጨት ገና አልሞተም። ጄራኒየም እየተቆረጠ የሚኖር አበባ ነው። የማይቆርጠው ሰው ቀስ እያለ ያጣዋል፤ የሚቆርጠው ሰው ደግሞ ዕድሜ ልኩን አብሮት ሊኖር ይችላል፤ ለጎረቤትም ይተርፈዋል።

የማወራው ስለየትኛው እንደሆነ ግልጽ ይሁን። በየበረንዳው በጣሳ የሚታየው ነው። ቅጠሉ ክብ፣ ጠርዙ ሞገድ ሞገድ ያለው፣ መሐሉ ላይ ጠቆር ያለ ቀለበት ያለበት። ሲነኩት ሽታው እጅ ላይ ይቀራል። አንዳንዱ ሽታውን ይጠላዋል፤ እኔ እወደዋለሁ። ከዚህ ሌላ ቅጠሉ ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ሆኖ ከባልኮኒ ወደ ታች የሚንጠለጠል ዓይነት አለ። ቅጠሉ ራሱ ጽጌረዳ ጽጌረዳ የሚሸተው፣ አበባው ግን ትንሽዬና ጎልቶ የማይታየውም አለ። የዚህኛው ዘይት ለሽቶና ለሳሙና ይፈለጋል። የወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል ሲያጠናው ከቆየባቸው ሽታ ሰጪ ተክሎች አንዱ ነው።

በሳይንሱ እነዚህ ሦስቱም ፔላርጎኒየም ይባላሉ። ስዊድናዊው የዕፅዋት አጥኚ ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ከዱሩ ጄራኒየም ጋር በአንድ ስም መዘገባቸው። ፈረንሳዊው የዕፅዋት አጥኚ ሌሪቲየ በ1789 ለያቸው። ሕዝቡ ግን የለመደውን ስም አልተወም፤ እኔም በዚያው እቀጥላለሁ። ዋናው ጄራኒየም በእኛም ደጋ ደኖች ጥላ ሥር በዱር ይበቅላል። አበባው ትንሽና ፈዘዝ ያለ ነው።

የበረንዳችን ጄራኒየም የዘር ሐረጉ ደቡብ አፍሪካ ነው። እናት አባቱ የሆኑት ሁለት የዱር ዝርያዎች በ1700ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከኬፕ ወደ ሆላንድና ወደ እንግሊዝ ተወሰዱ። አውሮፓ ውስጥ እርስ በርስ ተዳቅለው የዛሬዎቹ ቀይ፣ ሮዝና ነጭ ዓይነቶች ወጡ። ይህን የማነሳው ታሪክ ለማብዛት አይደለም። የትውልድ አገሩን የሚያውቅ ሰው እንክብካቤውን ግማሽ በግማሽ አወቀው ማለት ነው። ፀሐይ የሚበዛበት፣ አፈሩ ውሃ የማይቋጥርበት፣ ዝናብ ለወራት የሚጠፋበት ቦታ የለመደ ተክል ነው። ግንዱ ወፍራምና ውሃ ያዘለ የሆነው ለዚያ ነው። ድርቅ ያውቃል። ጭቃ ግን አያውቅም።

እዚህ ላይ እድለኞች ነን። አውሮፓ ውስጥ ጄራኒየም የበጋ እንግዳ ነው፤ በግንቦት ይተከላል፣ የመጀመሪያው ውርጭ ሲመጣ ይሞታል ወይም ወደ ቤት ይገባል። እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ነን። የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም። የበረንዳው ጄራኒየም ለማበብ የቀኑን መርዘምና ማጠር አይጠብቅም፤ የሚፈልገው በቂ ብርሃን ነው። በቀን አምስት ስድስት ሰዓት ፀሐይ ካገኘ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ላይ ዓመቱን ሙሉ ያብባል። ድሮ ሰፈሮች ውስጥ ከአጥር በላይ የወጣ፣ ግንዱ እንደ ቁጥቋጦ እንጨት የሆነ ጄራኒየም ያየ ሰው ይኼን ያውቃል።

ስለ ድሮ ሰፈሮች ካነሳሁ አይቀር ስለ ጎረቤቴ ልናገር። እማማ ነው የምንላቸው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ አካባቢ የነበረው ሰፈራቸው ሲፈርስ ወደ ልጃቸው ቤት፣ ወደ እኛ ሰፈር መጡ። ዕቃው አይሱዙ ላይ ሲጫን ለአበባ ጣሳዎቹ ቦታ ጠፋ። እማማ ከእያንዳንዱ ጄራኒየም አንድ አንድ ቅርንጫፍ ገነጠሉ። በጋዜጣ ጠቅልለው ዘንቢል ውስጥ ከተቱት። እዚህ ከደረሱ በኋላ ቤቱ እስኪስተካከል፣ ዕቃው ቦታ ቦታ እስኪይዝ ዘንቢሉ ማዕድ ቤት ጥግ ላይ ቀናት ቆየ። ሊጠይቁ የመጡ ዘመዶች ቡናቸውን እየጠጡ ሲሄዱ አበባው ትዝ ያለው ሰው አልነበረም።

ጋዜጣው ሲፈታ እኔም ነበርኩ። ቅጠሎቹ ዘምበል ብለዋል፤ ከታች ያሉት ቢጫ ሆነዋል። ግንዶቹ ግን ጠንካራ ነበሩ። የተቆረጠው ጫፋቸው ደርቆ ግራጫ ቆዳ የመሰለ ነገር ሸፍኖታል። ልክ ቁስል ሲጠግግ እንደሚሆነው።

«እማማ፣ ያለ ውሃ ይኼን ሁሉ ቀን እንዴት ቆየ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ይኼ እኮ ሲጠማው ነው ሥር የሚያወጣው» አሉኝ። «አሁን ተክለሽው በውሃ እንዳታሰምጪው።»

ሁሉም አልጸደቁም። ከጸደቁት ውስጥ ግን አንዷ ሮዝ አለች፤ የአበባዋ ቅጠል ድርብርብ ነው፤ ችግኝ ቤት ውስጥ አይቻት አላውቅም። ፒያሳ ሠላሳ ዓመት ከኖረች ግቢ የመጣች ናት። ዛሬ በሰፈራችን ብዙ በረንዳ ላይ አለች። ወደ ከተማው ዳር የወጣ ሰው ብዙ ነገር ትቶ ነው የሚወጣው። ሶፋ ይሸጣል፣ ቁም ሳጥን በበር አልገባ ይላል፣ ጎረቤት ይበተናል። ጄራኒየም ግን በዘንቢል ይመጣል። ይህን አበባ ከሌሎች ሁሉ አስበልጬ የምወደው በዚህ ነው።

እንግዲህ ወደ መቁረጡ ልግባ። ይህን ክፍል ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው ብዙ ሰው እጁ የሚንቀጠቀጠው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው።

ጊዜው ወሳኝ ነው። በእኛ አካባቢ ዝናቡ ከለቀቀ በኋላ፣ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ ከሁሉ ይሻላል። ፀሐዩ ተመልሷል፤ አፈሩ ሞቅ ብሏል፤ ከባዱ ብርድ ገና አልመጣም። ሁለተኛው ጊዜ የካቲትና መጋቢት ነው። በሐምሌና በነሐሴ አትቁረጡ። የተቆረጠው ቦታ ሳይደርቅ ይበሰብሳል።

አበባ ያልያዘ፣ ጤነኛ፣ ለጋም ያልሆነ እንጨትም ያልሆነ ቅርንጫፍ ምረጡ። ጣት ሲጫነው ትንሽ ጠንከር የሚል፣ ቀለሙ ግን ገና አረንጓዴ የሆነ። ርዝመቱ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። በተሳለ ቢላ ወይም በአዲስ ምላጭ፣ ከአንጓው ትንሽ ዝቅ ብላችሁ ቁረጡ። አንጓ የምለው ቅጠሉ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበትን ያበጠውን ቦታ ነው። ሥር ከሌላው ቦታ ይልቅ እዚያ ላይ በቶሎ ይወጣል። ቢላውን ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስታሻግሩ በአልኮል ወይም በበረኪና ጥረጉት። የጄራኒየም በሽታ ብዙ ጊዜ የሚጓዘው በቢላ ነው።

የታችኞቹን ቅጠሎች አንሱ። ከላይ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ይቅሩ። እምቡጥ ካለው ቀንጥቡት፤ ጉልበቱን ወደ አበባ ከወሰደው ለሥሩ አይተርፈውም። በየአንጓው ላይ ያሉትን ትንንሽ ሦስት ማዕዘን ልጣጮችም አንሷቸው። አፈር ውስጥ ከገቡ ቀድመው የሚሻግቱት እነሱ ናቸው። ከዚያ ጥላ ቦታ ላይ አስቀምጡት። ጥቂት ሰዓት፣ ቢያድርም ግድ የለም። ቁስሉ ይድረቅ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ አያምንም። የጽጌረዳ ወይም የሌላ አበባ ግንጣይ ወዲያው ውሃ ውስጥ መግባት ስላለበት ጄራኒየምም እንደዚያ ይመስለዋል።

ለመትከል ትንሽ ጣሳ ይበቃል። እንዲያውም ትንሹ ይሻላል። ትልቅ ዕቃ ውስጥ ያለ አፈር ውሃውን ቶሎ አይጨርስም፤ ገና ሥር ያላወጣ ግንጣይ ደግሞ ውሃ አይጠጣም። ጣሳውን በሚስማር ስትበሱት ከውስጥ ወደ ውጭ ምቱት። ከውጭ ወደ ውስጥ ከበሳችሁት የቆርቆሮው ጠርዝ ወደ ላይ ይቆምና ከሥሩ ውሃ ይቋጥራል። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን ብዙ ግንጣይ የሚጠፋው በዚህች ነው።

አፈሩ ግማሽ አሸዋ ይሁን። በእንጨት ቀዳዳ አብጁለትና አስገቡት፤ ዙሪያውን በጣት ጠቅጠቅ አድርጉ። አንዴ ብቻ አጠጡትና ተዉት። ፌስታል አታልብሱት። ቅጠሉ ጠጉራም ስለሆነ እርጥበት ሲታፈንበት ይበሰብሳል። ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው፣ ብርሃን ያለበት ቦታ ይቀመጥ። በመጀመሪያው ሳምንት ያዝናል። ይህ የታወቀ ነው፤ አትደንግጡ፣ ውሃም አትጨምሩ። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ሥር ይሰዳል፤ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት በእኛ ሰፈር ትንሽ ሊዘገይ ይችላል። ለማወቅ ግንዱን በሁለት ጣት ያዙና ቀስ አድርጋችሁ ሳብ አድርጉት። እንቢ ካለ ይዟል።

ሥር ከያዘ በኋላ አንድ ጭካኔ ይቀራል። ጫፉን ቀንጥሱት። ጫፉ ሲነሳ በየአንጓው የተኙት እንቡጦች ይነቃሉ፤ ወደ ጎን ሦስት አራት ቅርንጫፍ ያወጣል። ጫፉ ያልተነካ ጄራኒየም ወደ ላይ ብቻ ይመዘዛል።

እናትየውንስ? ያ ከታች ራቁቱን የቀረው አሮጌ እንጨት፣ እሱም በዚያው ሰሞን ከቁመቱ ሲሶውን፣ ቢብስም ግማሹን ይቆረጥ። ከየአንጓው አዲስ ቀንበጥ ይወጣዋል። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ላይ አንድ ሁለት አንጓ መትረፉን ብቻ አረጋግጡ።

በዘርስ አይሆንም ወይ የሚለኝ ሰው አለ። ይሆናል፤ ዘሩም ሊያዩት የሚገባ ነገር ነው። አበባው ሲረግፍ እንደ ወፍ መንቆር የሾለ ፍሬ ይቀራል። ሲደርቅ ይፈነዳና እያንዳንዱ ዘር ላባ ያለው፣ እንደ ቡሽ መንቀያ የተጠማዘዘ ጭራ ይዞ ይወጣል። እርጥበት ሲያገኝ ጭራው ይዘረጋል፤ ሲደርቅ መልሶ ይጠማዘዛል። እንዲህ እያለ ዘሩን ራሱ አፈር ውስጥ ይሰረስረዋል። መዳፍ ላይ አስቀምጣችሁ ትንፋሽ ብትሰጡት ሲንቀሳቀስ ታያላችሁ። ግን የበረንዳ ጄራኒየም ድቅል ነው። ከዘር የበቀለው ልጅ እናቱን ላይመስል ይችላል። የእማማን ሮዝ ራሷን የሚያወጣው ግንጣይዋ ብቻ ነው።

አሁን ስለ አፈርና ስለ ውሃ።

አቃቂ የምትኖር ጓደኛ አለችኝ። የእሷ አፈር ጥቁር መረሬ ነው። ክረምት ላይ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፤ ጥር ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። የእኛ ሰፈር ደግሞ ቀይ አፈር ይበዛበታል። ለጄራኒየም ጥቁሩን ብቻውን መጠቀም አይቻልም፤ ሥሩን ያፍነዋል። ቀዩ ይሻላል፣ ግን እሱም ውሃ ሲደጋገምበት ይጠጥራል። እኔ የምመክረው ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ እጅ ሬድ አሽ ነው። ሬድ አሽ በየግንባታው ዳር የምናየው ቀይ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ከግንባታ የተረፈውን ለምናችሁ ብትወስዱ የሚከለክላችሁ የለም። ደቀቅ ያለው ውስጡ አየር ይይዛል፤ ትርፍ ውሃውን ያሳልፋል።

ቀይ የደጋ አፈር ብዙ ጊዜ ኮምጣጣ ነው። ጄራኒየም መጠነኛ ኮምጣጣነት ይወዳል፤ ፒኤች በሚባለው የኮምጣጣነት መለኪያ (ቁጥሩ ሲወርድ ኮምጣጣነቱ ይጨምራል) ከ6 እስከ 6.5 ይስማማዋል። ከዚያ ብዙ ሲወርድ ሥሩ ብረትና ማንጋኒዝ ከመጠን በላይ ይስባል። የታችኞቹ ቅጠሎች ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይወጣል፣ ጠርዛቸው ይቃጠላል። ሰው ይህን ሲያይ የውሃ ጥም ይመስለውና ያጠጣል። መፍትሔው ማዕድ ቤት ውስጥ አለ፤ አንድ እፍኝ የእንጨት አመድ ከአፈሩ ጋር ማዋሃድ። አመድ ኮምጣጣነቱን ያበርዳል፤ ፖታሲየምም ይሰጣል፤ ፖታሲየም ደግሞ ለአበባ ጥሩ ነው። እፍኝ ያልኩት ለባልዲ አፈር ነው፤ ሲበዛ ይጎዳል።

ውሃን በተመለከተ ደንቤ አጭር ነው። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ አስገቡ። እርጥበት ከተሰማችሁ አታጠጡ። ጣሳውን ብድግ ማድረግም ይቻላል፤ የደረቀው ይቀላል። ስታጠጡ በደንብ፣ ከታች እስኪወጣ፤ ከዚያ እስኪደርቅ መተው። በየቀኑ በኩባያ ጠብ ጠብ ማድረግ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ላይ ላዩን ያረጥብና ሥሩን ያሰንፋል። በፈረቃ ውሃ የሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ሰው ለዚህ አበባ ይመቻል። አትክልት የታጠበበት ውሃ ጥሩ ነው። ልብስ የታጠበበት ግን አይሁን። የዱቄት ሳሙና ጨው አፈሩ ውስጥ እየተከማቸ ቅጠሉን ያቃጥላል።

ክረምት የጄራኒየም ፈተና ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ፀሐይ የለም፣ አፈሩ አይደርቅም፣ ቅጠሉ ከጠዋት እስከ ማታ እርጥብ ነው። ማሰሮዎቹን ከቆርቆሮው ጠርዝ ወደ ውስጥ አስገቧቸው። ከአሸንዳ የሚወርደው ውሃ ቀጥታ የሚመታው ተክል አይተርፍም። ብሎኬት ላይ አቁሟቸው፤ ከሥራቸው ውሃ ይለፍ። እርስ በርስ አታጨናንቋቸው፣ ነፋስ ይግባባቸው። የጠወለገውን አበባ ከነዘንጉ አንሱት። ዘንጉን ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ወደ ጎን ስትገፉት ቀጭ ብሎ ይነቀላል፤ መቀስ አያስፈልገውም። ሳይነሳ የቀረ አበባ እርጥበት ይይዝና ግራጫ ሻጋታ ያወጣል። ሻጋታው ወደ ቅጠል፣ ከቅጠል ወደ ግንድ ይወርዳል።

ሌላው የክረምት ጠላት ዋግ ነው። ገበሬው ስንዴው ላይ የሚፈራው በሽታ ወንድም ነው፤ የጄራኒየሙ ዋግ ግን የራሱ ብቻ ነው፣ ወደ ስንዴ አይሻገርም። ከላይ ሲታይ ቅጠሉ ላይ ቢጫ ነጥብ ነው። ቅጠሉን ገልበጥ ስታደርጉት እውነቱ ይወጣል። ቡናማ ዱቄት የያዙ ትንንሽ እብጠቶች፣ በክብ በክብ የተደረደሩ፤ አንዱ ቀለበት በሌላው ውስጥ። ጣት ላይ የዛገ ብረት የነካችሁ ያህል ቀለም ይተዋል። ዋግ ለመዛመት ለሰዓታት እርጥብ ሆኖ የሚቆይ ቅጠልና ቀዝቀዝ ያለ አየር ይፈልጋል። የእኛ ክረምት ሁለቱንም ይሰጠዋል። ስለዚህ ውሃ አፈሩ ላይ እንጂ ቅጠሉ ላይ አይፍሰስ። የታመመ ቅጠል እንዳያችሁ ቀንጥሱና አቃጥሉት፤ ወደ ፍግ ጉድጓድ አትጣሉት። ተንጠልጣዩ ዓይነት ይህን በሽታ በጣም ይቋቋማል። ዝናብ ለሚመታው በረንዳ እሱን እመርጣለሁ።

አንድ ሌላ በሽታ አለ፤ ለአበባው ብቻ ብዬ አላነሳውም። ቆቃ አካባቢ ያሉ እርሻዎች ለአውሮፓ ገበያ የአበባ ግንጣይ እየቆረጡ በአውሮፕላን ይልካሉ። ያው የእማማ ዘዴ ነው፣ በትልቁ። እዚያ ንጽሕናው በጣም ጥብቅ ነው። ሠራተኛው ጫማውን መድኃኒት ውስጥ ነክሮ ይገባል፤ እጁን ይታጠባል፤ ቢላው ይጸዳል። ጥንቃቄው ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ከኬንያ ወደ አሜሪካ የተላከ የጄራኒየም ግንጣይ ራልስቶኒያ የሚባል ባክቴሪያ ይዞ ተገኘ። አሜሪካኖች በጣም ደነገጡ፤ ብዙ ተክል ተወገደ። ያስደነገጣቸው ድንቹ ነው። ይኸው ባክቴሪያ ድንችና ቲማቲምን ያጠወልጋል፤ አፈርና ውሃ ውስጥም ይቆያል።

እኛ ጋ ደግሞ ጓሮው ሁሉ ድንች ነው። ስለዚህ ድንች የጠወለገበትን አፈር ለጄራኒየም አትጠቀሙ። ከጄራኒየም ጣሳ የሚፈስ ውሃም ወደ ድንቹ መደብ አይሂድ። ድንቻችሁ ላይ ጥርጣሬ ካላችሁ ቀላል መፈተኛ አለ። የጠወለገውን ግንድ ከሥሩ አጠገብ ቁረጡና ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጫፉን አንጠልጥሉት። ከትንሽ ደቂቃ በኋላ ከተቆረጠው ጫፍ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ወደ ታች ከወረደ ባክቴሪያው አለ ማለት ነው። እንዲህ ካያችሁ የወረዳውን የግብርና ባለሙያ ጥሩ።

ወደ ውርጩ ልመለስ፤ ቃል ገብቻለሁ። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ ያለ ሜዳ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ከተራራው ወርዶ ሜዳው ላይ ይተኛል። ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ጄራኒየም ቅዝቃዜ ይችላል፤ በረዶ ሲሠራበት ግን ውሃ ያዘለው ግንዱ ይፈነዳል። ነገሩ ውርጩ ከፍታን ያያል። መሬት ላይ ያለ ጣሳ ሲቃጠል፣ ደረጃ ላይ ያለው ጎረቤቱ ምንም አይሆንም። ግድግዳም ይረዳል። ቀን ፀሐይ ሲመታው የዋለ የብሎኬት ግድግዳ ሌሊት ሙቀቱን ይመልሳል። በዚያ ሰሞን ጣሳዎቹን ወደ ግድግዳ አስጠጉ፣ ከፍ አድርጉ፣ ማታ ማታ በጆንያ ወይም በአሮጌ አንሶላ ሸፍኑ። ጠዋት ግለጡት። ላስቲክ ቅጠሉን እየነካ ከሸፈነው ግን ብርዱን ያስተላልፋል፤ አይጠቅምም። ውሃም ቀንሱ፤ ካጠጣችሁም ጠዋት ይሁን።

በዚህ ወቅት ቅጠሉ ጠርዙ ላይ ወይን ጠጅ ቢሆን አትደንግጡ። ሥሩ ሲበርደው ፎስፈረስ መሳብ ያዳግተዋል፤ ቅጠሉ ይቀላል። የካቲት ሞቅ ሲል የሚወጣው አዲስ ቅጠል አረንጓዴ ይሆናል።

ስለ ማዳበሪያ ብዙ አልልም። ዩሪያ ብዙ ሰው ቤት አለ፤ ከእርሻ የተረፈ። 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ጄራኒየሙ ቅጠሉ ይንዠረገጋል፣ አበባው ይጠፋል። የበሰበሰ ፍግና ትንሽ አመድ ይበቃል። ክሽክሽ ከወጣበት በጣት ጨፍልቁት ወይም ለስለስ ባለ የሳሙና ውሃ ቅጠሉን ገልብጣችሁ እጠቡት።

አንድ ነገር በጣም ይቆረቁረኛል። በየችግኝ ቤቱ የሚሸጠው ጄራኒየም የውጭ ድቅል ነው። እኛ የራሳችን አለን። በ1970ዎቹ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የዕፅዋት ተመራማሪዎች ቦረና ላይ ለሳይንስ አዲስ የሆነ ፔላርጎኒየም አገኙ። ስሙንም ከቦረና ወስደው ፔላርጎኒየም ቦራኔንሴ አሉት። አበባው ቀይ ነው። ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም። የደቡብ አፍሪካው ዓለምን ሲያዳርስ የእኛው እዚያው ድንጋዩ ላይ ቀረ። ብዛቱ ትንሽ ስለሆነ ሄዶ መንቀል ነውር ነው፤ ማንም አያድርገው። ግን ፈቃድና ዕውቀት ያላቸው ሰዎች ከዘሩ ወይም ከግንጣዩ ቢያባዙት፣ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከልን የመሰለ ቦታ ላይ ሕዝብ ቢያየው፣ አንድ ቀንም ችግኙ ለሽያጭ ቢቀርብ ደስታዬ ወሰን የለውም። የእኛ ብርድ ይስማማው እንደሆን የሚታወቀው ሲሞከር ነው። ለእማማ ነገርኳቸው። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ግንጣዩ ይይዛል?»